ማን ማንን ወለደ? «ክላሲካል ቋንቋ» የሚባለው ማዕረግ የሚነግረንና የማይነግረን

በሜይ 2025 መጨረሻ ላይ ደቡብ ሕንድ ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ትልቅ ጠብ አስነሳ። ታዋቂው የታሚል ተዋናይ ካማል ሃሳን አዲስ ፊልሙን ለማስተዋወቅ ታሚል በሚነገርበት በታሚል ናዱ ክልል፣ ቼናይ ከተማ፣ መድረክ ላይ ወጥቶ ነበር። እዚያው ለተገኘ፣ ከነዳ የሚባለው ቋንቋ ከሚነገርበት ከጎረቤት የካርናታካ ክልል ለመጣ የሙያ ባልደረባው «ቋንቋችሁ እኮ ከታሚል የተወለደ ነው» አለው። ቤተሰብ ነን ለማለት ነበር። ካርናታካ ውስጥ ግን ማንም በዚህ መንፈስ አልሰማውም። ሰው ሰልፍ ወጣ፣ የክልሉ የፊልም ንግድ ማኅበር ይቅርታ ካልጠየቀ ፊልሙ እዚህ አይታይም አለ፣ ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። የክልሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛም ተዋናዩ እንዲህ ለማለት የታሪክ ወይስ የቋንቋ ሊቅ ነው ብለው ጠየቁ። ጁን 5 ፊልሙ በሌላው የሕንድ ክፍል ሲከፈት የካርናታካ ሲኒማ ቤቶች አላሳዩትም።

ዓመቶቹ እዚህ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ይህ ክርክር ለእኛ ሩቅ አይደለም። «ግዕዝ የአማርኛ እናት ነው»፣ «የለም፣ የትግርኛ እናት ነው»፣ «የኛ ቋንቋ ከሁሉም ይቀድማል» የሚሉ ክርክሮች በየሳምንቱ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ይነሳሉ። በሁለቱም አገር ግራ መጋባቱን የሚፈጥረው አንድ ነገር ነው ብዬ አስባለሁ። ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች እንደ አንድ ይቆጠራሉ። አንደኛው «የትኛው ቋንቋ ቀድሞ ተጻፈ፣ ትልቅ የጽሑፍ ሀብትስ ያለው የቱ ነው?» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ «የትኛው ከየትኛው ወጣ?»። የመጀመሪያውን መንግሥት በአዋጅ ሊያከብረው ይችላል። ሁለተኛውን ግን ማንም መንግሥት ሊወስነው አይችልም።

ማዕረጉ ምንድን ነው?

«ክላሲካል» የሚለው ቃል በአውሮፓ ትምህርት ቤቶች ለዘመናት ግሪክንና ላቲንን ብቻ ነበር የሚያመለክተው። ክላሲካል ቋንቋ የሚባለው ጥንታዊ የሆነ፣ ሰፊ ሥነ ጽሑፍ ያለው፣ ሌሎች ቋንቋዎችም ቃልና ሐሳብ የሚቀዱበት ቋንቋ ነው። ቋንቋው ዛሬ አፍ መፍቻ ሆኖ ይነገር አይነገር ለስያሜው ግድ አይደለም። ጥንታዊ መሆን ብቻውን ግን አይበቃም፤ የሚነበብና የሚጠና የጽሑፍ ቅርስ መኖር አለበት።

ሕንድ ያደረገችው ለየት ያለ ነገር ይህን የምሁራን ቃል የመንግሥት ማዕረግ ማድረጓ ነው። በ2004 ታሚል የመጀመሪያው ሆነ፣ በ2005 የሂንዱ ቅዱሳት መጻሕፍት ጥንታዊ ቋንቋ ሳንስክሪት ተከተለ፣ በ2008 ቴሉጉና ከነዳ። («ከነዳ» ሲባል «ነ» ጠብቆ ይነበባል፣ ከአገሩ ከካናዳ ጋር አይገናኝም።) ማላያላም በ2013፣ ኦዲያ በ2014 ገቡ። ከዚያ አሥር ዓመት ዝም ተባለ። ኦክቶበር 3 ቀን 2024 የሕንድ ካቢኔ ማራቲን፣ ቤንጋሊን፣ አሳሚስን፣ ፓሊንና ፕራክሪትን በአንድ ቀን ጨመረና ቁጥሩ 11 ደረሰ። (ፓሊና ፕራክሪት ዛሬ ማንም አፍ መፍቻ የማያደርጋቸው ጥንታዊ ቋንቋዎች ናቸው።)

ማዕረጉ ቋንቋውን የመንግሥት የሥራ ቋንቋ አያደርገውም። ያ ሌላ ጉዳይ ነው፤ የሕንድ ሕገ መንግሥት ስምንተኛ ሠንጠረዥ ላይ 22 ቋንቋዎች ተዘርዝረዋል፣ ፓሊና ፕራክሪት ግን እዚያ ውስጥ የሉም። ማዕረጉ የሚያመጣው በየዓመቱ ለሊቃውንት የሚሰጥ ሽልማት፣ የጥናት ማዕከል፣ በማዕከላዊ ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ ለቋንቋው የተለየ የፕሮፌሰርነት ወንበር ነው። ቼናይ ያለው የክላሲካል ታሚል ማዕከላዊ ተቋም የዚህ ውጤት ነው። ክብር አለው፣ ገንዘብ አለው፣ ሥራም አለው ማለት ነው።

መስፈርቱ ሲለዋወጥ

መጀመሪያ በ2004 የተጠየቀው ከ1000 ዓመት በላይ የሆነ የጽሑፍ ታሪክ ነበር። በማግሥቱ ዓመት ወደ 1500 እስከ 2000 ዓመት ከፍ አለ። ትልቅ ጭቅጭቅ ያስነሳው ግን «የሥነ ጽሑፍ ወጉ የራሱ የሆነ፣ ከሌላ ሕዝብ ያልተዋሰ መሆን አለበት» የሚለው ነጥብ ነው። ለታሚል ይህ አይከብድም። ጥንታዊ የፍቅርና የጦርነት ግጥሞቹ ከሳንስክሪት በብዙ ነገር የተለየ የራሳቸው ሥርዓት አላቸው፤ አሜሪካዊው የታሚልና የሳንስክሪት ሊቅ ጆርጅ ሃርት በ2000 በጻፈው ደብዳቤ የተከራከረውም በዚሁ ነበር። ግን ከሌላ ያልተዋሰ ሥነ ጽሑፍ በዓለም ላይ ስንት አለ? ላቲን ራሱ ከግሪክ ያልወሰደው ምን አለው? በዚህ ሚዛን ቢመዘን ላቲንም ይወድቃል።

በ2024 ነጥቡ ተሰረዘ። በምትኩ ከግጥም ሌላ የስድ ንባብ የዕውቀት ጽሑፎች፣ የድንጋይና የመዳብ ላይ ጽሑፎች እንደ ማስረጃ ገቡ። አንዳንዱ «መስፈርቱን ያላላችሁት የምትፈልጉትን ለማስገባት ነው» ይላል። ሌላው ደግሞ «ያልተዋሰ የሚለውን ማረጋገጥ ስለማይቻል ቀድሞም መኖር አልነበረበትም» ይላል። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ፤ ግን የመጀመሪያውም ባዶ ወሬ አይደለም። የማሃራሽትራ ክልል ለማራቲ ጥያቄውን ያቀረበው በ2013 ነው። የተመለሰው ከ11 ዓመት በኋላ፣ የክልሉ ምርጫ ሊካሄድ ሰባት ሳምንት ሲቀረው ነው። ታሚልም ቢሆን ማዕረጉን ያገኘው በታሚል ናዱ ጠንካራ የሆነው ዲኤምኬ የተባለው ፓርቲ የማዕከላዊው ጥምር መንግሥት አባል በሆነበት ዓመት ነው። የታሚል ሥነ ጽሑፍ ጥንታዊነት እውነት ነው፣ ጊዜውን የመረጠው ግን ፖለቲካ ነው።

የአንድ እናት ብዙ ወራሾች

አሁን ወደ አስቸጋሪው ቦታ እንምጣ። ቋንቋ በአንድ ቀን አይወለድም። ማንም ሕንዳዊ አንድ ጠዋት ተነስቶ «ከዛሬ ጀምሮ ፕራክሪት ትቼ ማራቲ ነው የምናገረው» አላለም። ልጆች እንደ ወላጆቻቸው ያወራሉ፣ ትንሽ ትንሽ ይለያሉ፣ ከ20 ወይም ከ30 ትውልድ በኋላ የአያት ቅድመ አያቶቹ ንግግር የማይገባ ይሆናል። መሐል ላይ ድንበር የለም። ድንበሩን የምናሰምረው እኛ ነን፣ ስም ስንሰጥ።

የማራቲ ዕድሜ ጥያቄም እዚህ ላይ ይወድቃል። «ማራቲ» በሚል ስም የምናውቀው ቋንቋ የድንጋይ ጽሑፎች ወደ 1000 ዓመት ገደማ ይሆናቸዋል፤ መስፈርቱን አያሟሉም። ማሃራሽትሪ የሚባለው የፕራክሪት ዓይነት ግን ወደ 2000 ዓመት ይጠጋል፣ ማራቲም ከእሱ የመጣ ነው። ስለዚህ የማራቲ ተከራካሪዎች ያሉት «ያ የእኛው የጥንት መልክ ነው» ነው። ልክ ናቸው ወይ? እንደ ስሙ አሰጣጥ ነው። ከዚያ መንግሥት በዚያው ቀን ለማራቲም ለፕራክሪትም ማዕረጉን ሰጠ። ያንኑ ጥንታዊ ጽሑፍ ሁለቱም የራሳቸው ያደርጉታል ማለት ነው።

ከዚህ የባሰው ደግሞ ቻርያፓዳ የሚባሉት መዝሙሮች ጉዳይ ነው። በ1907 ቤንጋላዊው ሊቅ ሃራፕራሳድ ሻስትሪ ኔፓል ውስጥ በቤተ መንግሥቱ ቤተ መጻሕፍት አንድ የቡድሂስት መዝሙሮች የእጅ ጽሑፍ አገኘ። መዝሙሮቹ ከ8ኛው እስከ 12ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ የተደረሱ ናቸው ተብሎ ይገመታል። ቤንጋሊ ተናጋሪዎች የኛ የመጀመሪያ ሥነ ጽሑፍ ነው ይላሉ። አሳሚስ ተናጋሪዎችም። ኦዲያዎችም። የማይቲሊ ተናጋሪዎችም። ሁሉም ጽሑፉ ውስጥ የራሳቸውን ቃልና ሰዋስው ያሳያሉ፣ ሁሉም እውነት አላቸው፤ ምክንያቱም ያኔ እነዚህ ቋንቋዎች ገና ሙሉ በሙሉ አልተለያዩም። ያልተከፋፈለ የአያት ርስት ነው። ሦስቱ አሁን ማዕረጉን ይዘዋል፣ ማይቲሊ የለችበትም።

ጆሮና ወተት

የካማል ሃሳን ዓረፍተ ነገር ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ ሊመረመር ይችላል። ከነዳ ከታሚል ወጣ ወይ?

የቋንቋ ታሪክ ተመራማሪዎች ሁለት ቋንቋ ሲያወዳድሩ የሚፈልጉት መመሳሰልን ብቻ አይደለም። ማን ምን እንደለወጠ ነው የሚያዩት። ታሚል ወተትን «ፓል» ይላል፣ ከነዳ «ሃሉ»። ታሚል አሥርን «ፐቱ» ይላል፣ ከነዳ «ሀቱ»። በጥንታዊ የከነዳ ጽሑፎች ላይ ግን «ፕ» አለ። ስለዚህ ከነዳ «ፕ»ን ወደ «ህ» ለውጧል ማለት ነው። እስከዚህ ድረስ ለተዋናዩ የሚመች ይመስላል፤ ታሚል የድሮውን ይዟል፣ ከነዳ ተለውጧል።

አሁን ጆሮን ተመልከቱ። ታሚል «ቼቪ» ሲል ከነዳ «ኪቪ» ይላል። ትንሽ የሚለውን ታሚል «ቺሩ»፣ የድሮ ከነዳ «ኪሩ»። እዚህ የለወጠው ታሚል ነው። እንደ ኢ እና ኤ ያሉ አናባቢዎች ከፊታቸው ያለውን ድምፅ ወደ ላንቃ ይስባሉ፤ አማርኛ ተናጋሪ ይህን በአፉ ያውቀዋል። «ክፈት» ለሴት ሲሆን «ክፈቺ»፣ «ሂድ» ደግሞ «ሂጂ» ይሆናል። ታሚልም በዚሁ መንገድ «ክ»ን ወደ «ች» ወስዶታል። የተገላቢጦሹ፣ ማለትም «ች» በኢ ፊት ወደ «ክ» መመለሱ፣ ያውም ድሮ «ክ» የነበረባቸውን ቃላት ብቻ እየመረጠ መመለሱ፣ የማይመስል ነገር ነው። ከነዳ ከታሚል ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ጆሮን «ቼቪ» ብሎ ይወርስ ነበር። «ኪቪ»ን ያገኘው ከታሚል በፊት ከነበረ ምንጭ ነው።

ስለዚህ ሁለቱ እህትማማች ናቸው። የድራቪድያን ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ ድራቪድያን ማለት ደቡብ ሕንድ ላይ የሰፋ፣ ከሰሜኖቹ ከነሂንዲ ዘር የተለየ የቋንቋዎች ቤተሰብ ነው። የጋራ እናታቸው አልተጻፈችም። ሊቃውንት ከልጆቿ ተነስተው መልሰው ይገምቷታል፣ «ቀዳማዊ ድራቪድያን» ይሏታል።

ከታሚል በኩል ግን አንድ መልስ አለ፣ ልናልፈው አይገባም። «ያቺን እናት ታሚል ብለን ብንጠራትስ? ከሁሉ ቀድሞ የተጻፈ፣ ለእሷ የቀረበ ሥነ ጽሑፍ ያለን እኛ ነን» ይላሉ። የታሚል የድንጋይ ጽሑፎች ከክርስቶስ ልደት በፊት ይጀምራሉ፣ የከነዳው የሃልሚዲ ድንጋይ ወደ 5ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ግን የሚያሳየው ታሚል ቀድሞ መጻፉን ነው። ጎረቤቱ ገና ሳይጻፍ ሲነገር ኖሯል። ልደት ያልተመዘገበለት ልጅ ከተመዘገበለት ያንሳል እንደማይባል ሁሉ፣ የድንጋይ ጽሑፍ ዕድሜም የቋንቋ ዕድሜ አይደለም። እናትየዋን በአንዷ ልጅ ስም መጥራት ደግሞ ሌሎቹን የሚያስቆጣው ለምን እንደሆነ ካርናታካ አሳይታናለች።

ገንዘቡ የት ሄደ?

ስለ ክብር ብዙ ይወራል፣ ስለ በጀት ግን ትንሽ። ለሕንድ ፓርላማ በቀረበ መረጃ መሠረት እስከ 2020 ባሉት ሦስት ዓመታት ለሳንስክሪት ማስፋፊያ ከ6.4 ቢሊዮን ሩፒ በላይ ወጥቷል። ያኔ ማዕረጉ ለነበራቸው ለሌሎቹ አምስት ቋንቋዎች በድምሩ የወጣው 290 ሚሊዮን ሩፒ ገደማ ነው፤ ከዚያም አብዛኛው የታሚል ድርሻ ነበር። ሳንስክሪት ቀድሞም የራሱ ዩኒቨርሲቲዎች ስላሉት በጀቱ መብዛቱ በከፊል ይገባል። ያም ሆኖ ማዕረግና ገንዘብ አብረው እንደማይሄዱ ቁጥሩ ያሳያል። ተመሳሳይ ወረቀት የያዙ ቋንቋዎች ተመሳሳይ ቤተ መጻሕፍት የላቸውም።

ፓሊና ፕራክሪት ደግሞ ሌላ ችግር አለባቸው። የቴራቫዳ ቡድሂስቶች ቅዱሳት መጻሕፍት በፓሊ ናቸው፤ ብዙዎቹ ጥንታዊ የጃይን ሃይማኖት መጻሕፍት በፕራክሪት። ግን አፍ መፍቻ የሚያደርጋቸው ሕዝብ የለም፣ የሚከራከርላቸው ክልል የለም። ለእነሱ ማዕረጉ ከማንም በላይ ሊጠቅም ይችላል። ማራቲ ያለ ማዕረግም በሚሊዮኖች አፍ ይኖራል። ፓሊን በሕይወት የሚያቆየው የሚያነበው ሰው ነው፣ አንባቢ ደግሞ መምህርና ደመወዝ ይፈልጋል።

ወደ ግዕዝ ስንመጣ

ኢትዮጵያ ውስጥ እንዲህ ያለ ማዕረግ የለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 5 ሁሉም ቋንቋዎች እኩል የመንግሥት ዕውቅና እንዳላቸው ይናገራል፣ አማርኛን የፌዴራል መንግሥት የሥራ ቋንቋ ያደርጋል። ስለ ግዕዝ በስም የሚለው ነገር የለም። ሰዎች «ግዕዝ ይፋዊ ዕውቅና ያግኝ» ሲሉ ብዙውን ጊዜ አብሮ የሚመጣው ማስረጃ «የአማርኛና የትግርኛ እናት ስለሆነ» የሚል ነው። እዚህ ላይ የሕንዱ ስሕተት እንዳይደገም እሰጋለሁ።

የቋንቋ ሊቁ ሮበርት ሄትዝሮን በ1972 ባሳተመው ጥናት የኢትዮጵያ ሴማዊ ቋንቋዎችን በሰሜንና በደቡብ ከፍሏል። ግዕዝ፣ ትግርኛና ትግረ በሰሜኑ ናቸው። አማርኛ ከአርጎብኛ፣ ከሐረሪ፣ ከጉራጌ ቋንቋዎችና ከጠፋው ጋፋትኛ ጋር በደቡቡ ነው። በዝርዝሩ የማይስማሙ ሊቃውንት አሉ፣ አማርኛ ከአገውና ከሌሎች ኩሻዊ ቋንቋዎች ጋር በጣም ተደባልቆ የተፈጠረ መሆኑን አጉልተው የሚከራከሩም አሉ። ግዕዝ «ቤተ ንጉሥ» ሲል አማርኛ «የንጉሥ ቤት» ብሎ ቅደም ተከተሉን መገልበጡ፣ ግሡንም ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ማስቀመጡ ብዙ ጊዜ ከዚህ ጉርብትና ጋር ይያያዛል።

የጆሮና የወተቱን ዘዴ በራሳችን ላይ እንሞክረው። ግዕዝ «ኮነ»፣ አማርኛ «ሆነ»። ግዕዝ «ኩሉ»፣ አማርኛ «ሁሉ»። «በልዐ» እና «በላ»፣ «ሰምዐ» እና «ሰማ»። እዚህ ግዕዝ የድሮውን ይዟል፣ አማርኛ ለውጧል። ይህ ግን ግዕዝ እናት ነው ለማለት አይበቃም፤ የድሮውን የያዘ እህትም እንዲሁ ነው የሚመስለው። አሉታውን ደግሞ ተመልከቱ። ግዕዝ «ኢነገረ» ሲል አማርኛ «አልነገረም» ይላል። «አል» በዕብራይስጥም ያለ የድሮ ሴማዊ አሉታ ነው፤ በግዕዝ እንደ «አልቦ» ባሉ ቃላት ውስጥ ቀርቷል እንጂ ግሥ ላይ በተለምዶ የሚገባው «ኢ» ነው። አማርኛ ይህን ከግዕዝ ወረሰ ማለት ይከብዳል። አንድ ነጥብ ብቻውን ክርክሩን አይዘጋም፣ ግን «እናትና ልጅ» የሚለው ቀላል ሥዕል እንደማይበቃ ያሳያል።

ታዲያ ግዕዝ ለአማርኛ ምኑ ነው? የአገራችን ሰው ጥሩ ቃል አለው፤ የጡት እናት። አማርኛ ፊደሉን፣ የሃይማኖቱን፣ የሕጉንና የፍልስፍናውን ቃላት ከግዕዝ ጠብቷል። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የነገሥታት ግጥሞች በአማርኛ ከመጻፋቸው በፊት የኢዛና ድንጋዮች 1000 ዓመት ገደማ ሆኗቸው ነበር። ዛሬ አንድ ጸሐፊ አዲስ ቃል ሲቸግረው የሚሮጠው ወደ ግዕዝ ነው። ይህ ዝምድና እውነተኛ ነው፣ መውለድ አያስፈልገውም።

ለዕውቅና የሚሆነው ማስረጃም ከልጆቹ ብዛት አይመጣም። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉውን የተረፈው በግዕዝ ብቻ ነው። መጽሐፈ ኩፋሌም እንዲሁ። ቤተ እስራኤል ኦሪታቸውን ያቆዩት በግዕዝ ነው፤ ዛሬም እስራኤል ያሉ ቄሶች ያነቡታል። ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ በ2017 ግዕዝ ማስተማር ጀምሯል። አፍ መፍቻ መሆኑ ከቆመ በጣም ብዙ ዘመን ቢያልፍም፣ በቅኔ ቤት ያለ ተማሪ ግን ዛሬ ማታ በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ከዚህ በፊት ማንም ያላለውን አዲስ ነገር በግዕዝ ይቆጥራል፣ ነገ መምህሩ ፊት ቆሞ ይዘርፈዋል። ከሕንድ 11 ቋንቋዎች ጎን ቆሞ በየትኛውም መስፈርት ቢለካ ግዕዝ የሚያሳፍር አይደለም።

የሕንድ ልምድ የሚያስነሳው የበለጠ ተግባራዊ ጥያቄ ነው። ማዕረጉ አንድ ቀን ቢመጣ፣ አብሮ የሚመጣው በጀት ለማን ይሰጣል? ዋና ከተማ ላይ ለሚከፈት ተቋም ሕንፃ? ብራናዎቹ በእርጥበትና በምስጥ ለሚበሉባቸው ገዳማት? ወይስ ተማሪዎቹ ከየቤቱ ለምነው በሚያመጡት ቁራሽ ለሚኖሩበት፣ መምህሩም ያለ ደመወዝ ለሚያስተምርበት ቅኔ ቤት? ሕንድ ውስጥ ብዙው ገንዘብ የሄደው ቀድሞም የራሱ ዩኒቨርሲቲዎች ወደነበሩት ቋንቋ፣ ወደ ሳንስክሪት ነው። እዚህም አዋጁ ሲረቀቅ ጠረጴዛው ዙሪያ የቅኔ መምህራኑ ከሌሉ ገንዘቡ ወዴት እንደሚያመራ ከወዲሁ መገመት ይቻላል።